በአራተኛው ቧንቧ ስለ ወረደው መብረቅ

የቃል መቀበያ ቅጽ

ቃል ሰጪ፦ ሙሉ ስሙ በማኅደሩ ሽፋን ላይ ተመዝግቧል፤ በመሥሪያ ቤቱ «ሽቦው» በሚል ቅጽል ይታወቃል
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የላውንደሪው የኤሌክትሪክና የጥገና ሠራተኛ፤ 14 ዓመት ያገለገለ
አድራሻ፦ ከላውንደሪው ጀርባ ካሉት ረድፍ ቤቶች ከዳር ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20 እስከ 6፡05፣ የመርማሪው ቢሮ
የቀረበው፦ በምስክርነት

ዓርብ ዕለት በላውንደሪው ስለ ወረደው መብረቅና ከደንበኛ ኮት ኪስ ጠፋ ስለተባለው ቀለበት የማውቀውን እንድናገር በመርማሪው ተጠይቄአለሁ። ስለ ቀለበቱ የማውቀው ነገር የለም። ስለ መብረቁ አውቃለሁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ማኅደር መያዛቸው አግባብ እንዳልሆነ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል ተናገርኩ። መርማሪው ለምን አለኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ነው።

የተጎዳችው የእጅ አጣቢ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሁላችንም እትዬ በረዶ እንላታለን፤ በእጇ ያለፈ ነጭ ልብስ በረዶ ስለሚመስል ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። መብረቁ ከመምታቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀለበቱን አልወሰድኩም ብላ በመብረቅ ምላ ነበር። በዚህ ምክንያት አሁን በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ፣ በሐሰት ስለማለች ሰማይ ፈረደባት ይላል። ሥራዋን ልታጣ ነው። ከሥራዋም በላይ ሌላ ነገር ልታጣ እንደሆነ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ፤ በኋላ እናገረዋለሁ። ሰማይ አልፈረደም። እኔ እንዴት እንደመታት አውቃለሁ።

ላውንደሪው ጉብታ ላይ ነው የቆመው። የሆቴሎችንና የሁለት ሆስፒታሎችን አንሶላ እናጥባለን። ትልልቆቹ ማሽኖች በፊት ለፊቱ አዳራሽ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ካውያ ቤቱ አለ፤ ከካውያ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ጨርቁ ስስ የሆነ ወይም እድፉ የጠና ልብስ በእጅ የሚታጠብበት ጠባብ ክፍል። ክፍሉ የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ መስኮትና በግድግዳው ላይ የተደረደሩ አራት ቧንቧዎች አሉት። ከግድግዳው ወዲያ የቦይለሩ ጭስ ማውጫ ይቆማል። ቁመቱ ሃያ ሁለት ሜትር ነው፤ በዚያ ሰፈር ከእርሱ የሚረዝም ነገር የለም። አናቱ ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ አለ። ከዘንጉ የጣት ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ግድግዳውን ይዞ ይወርድና መሬት ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ይህን የመሬቱን ዘንግ እኛ ኧርዝ እንለዋለን። የዚህ ሁሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ጊዜ እንዲጻፉ ጠይቄ ነበር፤ መርማሪው አንዴ ይበቃል አለ።

መብረቅ የት የት እንደሚመታ ባጭሩ እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። የማውቀው ሥራውን ካስተማሩኝ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን የሰማሁትንና በኋላ ያነበብኩትን ነው። መብረቅ ሰው ፈልጎ አይመጣም፤ መሬትን ፈልጎ ነው የሚመጣው። ረጅም የሆነ፣ ብቻውን የቆመ ነገር ይቀድምለታል፦ ሜዳ ላይ ያለ ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ጭስ ማውጫ፣ ገላጣ ላይ የቆመ ሰው። ግን በቀጥታ አናቱን ተመትቶ የሚሞት ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ከዝናብ ለመጠለል ዛፉ ሥር የገባው ነው፤ ከግንዱ ዘሎ ያገኘዋል። ደግሞ መሬት ለመሬት ተበትኖ በእግር የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ከብቶች በመንጋ የሚያልቁት በዚህ ነው፣ የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ። ደግሞ ራቅ ያለ ቦታ ወርዶ ረጅም ብረት ተከትሎ የሚመጣበት አለ። አጥር፣ የስልክ ሽቦ፣ የውኃ መስመር። ያን ጊዜ የተመታው ሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ምንም አላጠፋም። ብረት ነክቶ ቆሟል እንጂ።

መርማሪው እስከዚህ ይበቃል አለኝ። እኔ ግን ሽማግሌው ይሉት የነበረው አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። «መብረቅ ሰው አያውቅም ልጄ፤ የሚያውቀው መንገድ ነው» ይሉ ነበር። ሲናገሩ ጥርሳቸውን በቁራጭ ሽቦ ይጎረጉሩ ስለነበር አናከብራቸውም ነበር።

ከዓርቡ ሃምሳ ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ በረዶ ሁለት አንሶላ በክንዷ ይዛ ጥገና ክፍል መጣች። በሁለቱም ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ። የመዳቡ ሽቦ ያን ጊዜ የሚወርደው በማስጫው ግቢ በኩል ነበር። ነፋስ የተሰጣውን አንሶላ ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋው የሽቦው ዝገት ይታተምበታል። ሆስፒታሉ መልሷቸዋል። እርሷ ደግሞ በእጇ ሦስት ጊዜ አጥባቸው አልለቀቀም። «አንተ ሽቦው፣ ወንድምህን ከአንሶላዬ ላይ አንሳልኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። እሺ አልኳት። ለእርሷ እሺ አለማለት ከባድ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ የአልጋውን ጨርቅ ሁሉ በእጇ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ቤቴ ድረስ ያመጣችው እርሷ ናት።

በዚያው ቀን የሽቦውን ብሎኖች በዐሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ፈትቼ በጭስ ማውጫው ዙሪያ አዙሬ በእጅ ማጠቢያው ግድግዳ በኩል አወረድኩት። የድሮው ኧርዝ ማስጫው ሥር ስለቀረ ሽቦው አይደርስበትም። በአዲሱ ቦታ አዲስ ዘንግ መቀበር ነበረበት። የዕቃ መጠየቂያ ጻፍኩ። ዕቃ ቤት በሦስት ቀን ይመጣል አለ። ሽቦውን አየር ላይ አንጠልጥሎ መተው ልክ ስላልመሰለኝ ዙሪያዬን አየሁ። አራቱን ቧንቧዎች የሚመግበው የብረት የውኃ መስመር ከግድግዳው ውጭ በኩል ያልፋል። ከአራተኛው ቧንቧ ጀርባ፣ ሽቦውንና መስመሩን ክላምፕ በምንለው ባለ ሁለት ብሎን የብረት ማሠሪያ አያያዝኳቸው። የውኃ መስመር መሬት ውስጥ ይገባል ብዬ ነው። ድሮ ብዙ ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው። ለሦስት ቀን ብዬ ነው። ሦስቱ ቀን ሃምሳ ሁለት ሆነ። አንሶላዎቹ ከዚያ ወዲህ ነጭ ናቸው።

ዓምና መንገዱ ሲቆፈር የመሬት ውስጡ የብረት መስመር ተሰብሮ በፕላስቲክ ተተክቷል። የተካው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ፕላስቲኩ ግድግዳው ሥር ድረስ መጥቶ ከቀረው ብረት ጋር ሲጋጠም ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ከመሬት ጋር አይገናኝም። ከላይ የሚመጣ ነገር ወደዚያ ብረት ይገባል፤ አይወጣም። በውስጡ ያለው ውኃ ጥቂት ያሳልፍ ይሆናል፤ ለመብረቅ አይበቃም። የተረፈው መውጫ ቧንቧውን የያዘ እጅ ነው፤ ከእጁ በታች ያለው ሰው፣ ከሰውዬው በታች ያለው እርጥብ ሲሚንቶ።

መርማሪው ይህን ረስተህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ረስቼ አይደለም። አንድ ሰው ስለ ዓምናው ፕላስቲክ ቢጠይቀኝ ወዲያው እነግረው ነበር። ስለ ክላምፑም እንደዚሁ። ሁለቱንም አውቅ ነበር፤ ግን ለየብቻ። በራሴ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በሃምሳ ሁለት ቀን ውስጥ አንድም ቀን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። እንዴት እንደዚህ ሊሆን እንደሚችል ከዓርብ ወዲህ አስባለሁ። ሌላስ ምን አለ በውስጤ ለየብቻ የተቀመጠ? ይህን መርማሪው መጻፍ አያስፈልግም ብሏል፤ ከዚያ ጽፎታል።

እዚህ ላይ መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። የመጣኸው በምስክርነት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምትናገረው በራስህ ላይ ሊቀርብ ይችላል፤ ዝም የማለት መብት አለህ ብሎ አስረዳኝ። ዝም ማለቱን ከዓርብ ጀምሮ ሞክሬዋለሁ፤ ይቀጥል አልኩ። ውኃ ተሰጠኝ። ቃሉ ከረፋዱ 4፡30 ቀጠለ።

ዓርብ ከቀኑ 8፡25 ላይ ካውያ ቤት ውስጥ የተቃጠለ የካውያ ገመድ እቀይር ነበር። ወደ እጅ ማጠቢያው የሚያስገባው በር ክፍት ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። ተቆጣጣሪዋ አንድ ጥቁር ኮት በክንዷ ይዛ አለፈችኝ። ደንበኛው ስልክ ደውሎ በውስጥ ኪሱ ቀለበት ነበር ብሏል። ኮቱ ያለፈው በእትዬ በረዶ እጅ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሥርዓት አለ። ልብስ ውኃ ሳይነካው በፊት ኪሱ በሁለት ሰው ፊት ይገለበጣል፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ለማየት የቆመው ሰው እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ተቆጣጣሪዋ ኪሱ ማን ፊት እንደተገለበጠ ጠየቀች። እትዬ በረዶ በማንም ፊት አልተገለበጠም አለች። ሐሙስ ዕለት ዝናብ ሲያስገመግም ሌሎቹ ሁለት አጣቢዎች አንሶላ ሊሰበስቡ ወጥተው ብቻዋን ነበረች። ኪሱ ባዶ ነበር አለች። ተቆጣጣሪዋ እኔ ጠየቅሁ እንጂ ማንንም አልወነጀልኩም አለች፤ ግን ኮቱን መልሳ አላጠፈችውም፣ ኪሱ እንደተገለበጠ ከፊቷ ይዛው ቆመች። ካውያ ሠራተኛው ነገሩን ለማብረድ ብሎ በረዶ ይቀልጣል እንጂ አይሰርቅም አለ። ሁለቱ አጣቢዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

እትዬ በረዶ አልሳቀችም። አረፋ ያለበት ቀኝ እጇን አንሥታ እንዲህ አለች፦

«ወስጄው ከሆነ መብረቅ ይምታኝ። እዚሁ ቆሜ ይምታኝ።»

መሐላ ነው። ሁሉም ሰው ይምለዋል። ባለቤቴ ድስቱን ማን ከፈተው ስትል ልጆቼ ይምሉታል። ግን ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ ብልጭ አለ፤ ሁላችንም ዞር አልን። ልማዴ ስለሆነ ሴኮንዱን ቆጠርኩ። ነጎድጓዱ ዐሥራ አምስት ላይ ደረሰ። በሦስት ሲካፈል አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ካውያ ሠራተኛው፦ «እትዬ፣ ዛሬስ ሌላ መሐላ ብትመርጪ ይሻልሽ ነበር። ሰውየው ቅርብ ነው ያለው» አለ። እንደገና ተሳቀ። ተቆጣጣሪዋ ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል ብላ ሄደች። ሁለቱ አጣቢዎች ብርሃኑ ይሻላል ብለው ሳፋቸውን ይዘው ወደ ካውያ ቤት ወጡ። ብርሃኑ አይሻልም። አምፖሎቹን የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ፤ እኩል ናቸው።

እትዬ በረዶ ብቻዋን ቀረች። በበሩ በኩል ጀርባዋ ይታየኛል። ሳፋዋን ደፋች። ሳሙናዋን አለቀለቀች። የቀጣዩ ብልጭታ ነጎድጓድ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ወደ አራተኛው ቧንቧ ሄዳ ፊቷን መታጠብ ጀመረች። ሲበዛ ረጅም ጊዜ ታጠበች። ሰው ፊት ላለማልቀስ እንደሆነ ገብቶኛል። ስድስት።

የሚቀጥለው በተለይ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ሠራተኛውን ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲያጉረመርም ከውኃና ከብረት ራቁ። እየዞርኩ እናገራለሁ፤ ይሰለቹኛል። ካውያ ሠራተኛው አረማመዴን እየኮረጀ «ራቁ፣ ራቁ» ይለኛል። ስለ ክላምፑ ባላስብ እንኳ፣ በዚያች ደቂቃ፣ በልማድ ብቻ፣ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አልነገርኳትም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አሁን በመብረቅ የማለችን ሴት ከመብረቅ ራቂ ብላት፣ መሐላሽን አላምንም እንዳልኳት ይቆጠራል። ሌሎቹ ትተዋት ወጥተዋል። እኔም ተጨምሬ እንዳላዋርዳት ብዬ ዝም አልኩ። አክብሬአት ነው። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ሰዓቱ 8፡50 ነበር። የመጨረሻውን አልቆጠርኩም፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረውም። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ሆነው መጡ። ክፍሉ ነጭ ሆነ። ከቧንቧዎቹ ሥር የግድግዳው ልስን ፈንድቶ ረገፈ። የተቃጠለ ክብሪት የሚመስል ሽታ መጣ። አምፖሎቹ ሁሉ ጠፉ። እትዬ በረዶ ከቧንቧው ሁለት ሜትር ያህል ርቃ በእርጥቡ አንሶላ ክምር ላይ ወድቃ ነበር። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ጫማው ቧንቧው ሥር፣ በነበረበት፣ ቆሟል።

ስገባ ካውያ ሠራተኛው ከኋላዬ ሆኖ እንዳትነካት፣ እሳቱ ገና አልወጣላትም አለ። መብረቅ ሰው ውስጥ አያድርም። መትቶ ያልፋል። የተመታ ሰው ወዲያው ሊነካ ይችላል፤ መነካትም አለበት። ልቧ እንደቆመ በአንገቷ አወቅሁ። በሥልጠና እንደተማርነው ደረቷን በሁለት እጄ መጫን ጀመርኩ። ስንት እንደሆነ አላውቅም። በመሐሉ ካውያ ሠራተኛው ጎኔ ተንበርክኮ በየተራ አደረግን። ትንፋሿ ተመለሰ። 9፡05 ላይ የልብስ ማመላለሻው መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየመታ አዳንካት አለኝ። እስከ ዛሬ ይሉኛል።

ሌሎቹ መኪናውን ተከትለው በር ድረስ ሲወጡ እኔ በጓሮ ዞርኩ። ይዘንባል። ፕላስቲኩ ከብረቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ጠቁሮ ተሰንጥቋል። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ጎረቤቶች የተገናኙት። ክላምፑን በዚያው በዐሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ፈታሁት። ይሞቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። ሽቦውን ከመስመሩ ገንጥዬ ለብቻው እንዲንጠለጠል አጠፍኩት። ክላምፑን ሱሪዬ ኪስ ከተትኩ።   ቅዳሜ ጠዋት ለማየት የመጡት የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ሽቦው ከምንም ጋር እንዳልተያያዘ፣ መብረቁም ምናልባት በመስኮት እንደገባ ጽፈዋል። የጻፉት ስህተት የእነርሱ አይደለም፤ የእኔ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ ክላምፑን አገኘችው። ኪስ መገልበጥን ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤታችን ሥርዓት ነው። ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሳፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያዳንካትም አንተ ነህ፣ ተቻችሏል አለች። ቀጥላም፦ «ዝም አይነቅዝም። ልጆች አሉህ» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሱሪዬን አጥባ ስታሰጣ እያለቀሰች ነበር። ክላምፑን ደግሞ አልጣለችውም። አድርቃ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አራተኛውን ቧንቧ ማንም አይነካውም። ሁለቱ አጣቢዎች ሳፋቸውን ወደ አንደኛው ስበዋል። የእትዬ በረዶ ሽርጥና ቦት ጫማ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በር ጠባቂው ዘንድ ተቀምጧል። ሰው ሲታመም እየተጠራራን ነበር የምንጠይቀው፤ ለእርሷ ማንም ማንንም አልጠራም። ተቆጣጣሪዋ ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በኋላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ከእኛ በላይ ያለው መርምሮ ጨርሷል እንዳለ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ደስ ያላት አትመስልም፤ የተገላገለች ነው የምትመስለው። ካውያ ሠራተኛው አይቀልድም። ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲተኩስ ዋለ። ማታ መውጫ ላይ ይዞኝ፣ እኔ ነኝ ቅርብ ነው ያለው ያልኩት፣ ጠራሁት ይሆን አለኝ። አይ አልኩት። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። እርሱንም በዝምታዬ ውስጥ እንዳስገባሁት ተሰማኝ። ዝምታ አይነቅዝም የሚሉት ለብቻ ሲቀመጥ ይሆናል።

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 9፡30 ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የእርሷ በር አጠገብ ነው። አንሶላው የእኛ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቁጥር አውቀዋለሁ። ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል። ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ልጇ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ ተነሥታ ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። እጄን ማስለቀቅ አልቻልኩም።

እትዬ በረዶ በግራዋ በኩል እንድቀመጥ በዓይኗ አመለከተችኝ። መጀመሪያ አንሶላዎቹ እንዴት ናቸው አለችኝ። ነጭ ናቸው አልኳት። ከዚያ ልጇ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ጠብቃ፣ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

«ሽቦው፣ ኪሱን ስገለብጥ ትዝ ይለኛል። ባዶ ነበር። ግን እንግዲህ መታኝ። ሳላውቀው ወስጄው ይሆን?»

የአንሶላውን ጠርዝ አስተካክዬላት ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ልጇ ተመልሳ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ፣ እናቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቱን ፈትሺ እያለች ሦስት ጊዜ እንዳስፈተሸቻት ነገረችኝ። ፍራሹን አገላብጣለች። የስኳር ዕቃውን ደፍታለች። የእናቷን ልብሶች ኪስ ሁሉ ገልብጣለች። ባዶ ነው ስትላት በደንብ አላየሽም፣ እኔ የት እንደማስቀምጥ አላውቅም ትላታለች። ልጅቷ፦ «ጋሼ፣ እናቴ ሌባዋን ከራሷ ውስጥ እየፈለገች ነው» አለችኝ።

እስከዚያ ድረስ እያሰብኩ የነበረው ሥራዋን ነበር። ሥራ ሌላ ቦታም ይገኛል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ኪስ ስትገለብጥ የኖረች ሴት የገዛ እጇን አላምን አለች። እጇ ባዶውን ኪስ ነክቷል፤ ያውቃል። እኔ ደግሞ የሚያድናትን ነገር መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጬ ዝም ብያለሁ። ነገ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ክላምፑን ከመስኮቱ ላይ አነሣሁ። ባለቤቴ አየችኝ።  ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል የኮቴን አንገት አስተካከለችልኝ።

ቀለበቱን እትዬ በረዶ ወስዳዋለች ወይስ አልወሰደችም ተብዬ በመጨረሻ ተጠይቄአለሁ። ኪሱ ሲገለበጥ አልነበርኩም። አልወሰደችም ብዬ አምናለሁ፤ ማመኔ ግን ማስረጃ አይደለም። መርማሪው የሚፈልገውን ይመርምር። የእኔ ቃል አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መብረቁ ስለ ቀለበቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ቢታጠብ ሥራ አስኪያጁን ይመታ ነበር። ተቆጣጣሪዋን ይመታ ነበር። ከሳሿንም ምስክሯንም አይለይም። እኔ በሠራሁለት መንገድ ወረደ፤ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ እርሷ ፊቷን ትታጠብ ነበር።

ክላምፑን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ከቅጹ አናት «በምስክርነት» የሚለው እንዲስተካከል ጠይቄአለሁ፤ መርማሪው እርሱን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው ብሏል። አንድ ሌላ ጥያቄም አቅርቤአለሁ። ይህ ቃል ለእትዬ በረዶ እንዲነበብላት። እኔ ራሴ ልነግራት ይገባ ነበር፤ ብነግራት ግን ልታጽናናኝ ትሞክራለች፣ ከዚያም ያልኩትን ለደግነት ትቆጥረዋለች። በፖሊስ ወረቀት ሲመጣ ታምናለች። ሲነበብላት በግራዋ በኩል ተቁሞ ይሁን። ቀኟ አይሰማም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ በመርማሪው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያላልኩትን አልጨመረም፤ ያልኩትን አልቀነሰም። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልደለለኝም። በምንም ነገር አልምልም። የተናገርኩት እንደሆነው ነው።

የቃል ሰጪው ፊርማ ________________
የመርማሪው ፊርማ ________________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ከቃል ሰጪው ባለ ሁለት ብሎን የብረት ክላምፕ አንድ፣ በአንድ ጎኑ የጠቆረ፣ በኤግዚቢትነት ተረክቤአለሁ። የእጅ ማጠቢያው ውጭ ግድግዳ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር በዚሁ ዕለት ታይቷል፤ የፕላስቲኩ መጋጠሚያ በቃሉ እንደተገለጸው ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ቃል ሰጪው በተጠራ ጊዜ ሊቀርብ ፈርሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። በጥያቄው መሠረት ከቀኑ 10፡15 ላይ ተጎጂዋ በተኛችበት ክፍል ልጇ ባለችበት ቃሉ በግራ ጆሮዋ በኩል ተነቦላታል። ስለ ክላምፑ የሚናገረው ክፍል እንዲደገምላት ጠይቃ ተደግሟል። ከዚያ ያልታሰረውን እጇን ከአንሶላው አውጥታ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። ቀጥላ የተናገረችው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦

«እንግዲያው ባዶ ነበር።»